ጭን ላይ የሚተኛው ጊታር፦ ለጀማሪው የመጀመሪያ መምህር ጆሮ ነው

ጊታር ሲባል በብዙዎች ዐይነ ኅሊና የሚመጣው ደረት ላይ ተደግፎ፣ የግራ እጅ ጣቶች አንገቱን ጨብጠው ክሮቹን የሚጫኑበት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደ፣ አያያዙ ግን ፈጽሞ የተለየ ሌላ ጊታር አለ። ይህኛው ደረት ላይ አይደገፍም፤ ተቀምጦ በሚጫወተው ሰው ጭን ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል። የግራ እጅ ጣቶችም ክሮቹን አይጫኑም፤ በምትካቸው ልሙጥ የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ እየተንሸራተተ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

የመሣሪያው ስም ላፕ ስቲል ጊታር ነው። «ላፕ» ጭን ማለት ሲሆን «ስቲል» ደግሞ ብረት ነው። ስሙን የሰሙ ብዙዎች ጊታሩ ራሱ ከብረት የተሠራ ይመስላቸዋል፤ ቃሉ የሚያመለክተው ግን ክሮቹ ላይ የሚንሸራተተውን ብረት ነው። ጊታሩ ከእንጨትም ከብረትም ሊሠራ ይችላል።

ይህን መሣሪያ ለመጀመር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ግዢው ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጀማሪዎችን ተስፋ አስቆርጦ የሚያስቀር ሌላ ምክንያት አለ። በተለመደው ጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ በሙያው አጠራር ፍሬት ይባላሉ። ጣት በሁለት ፍሬቶች መካከል የትም ቢያርፍ ድምፁን የሚወስነው ፍሬቱ ነው። በላፕ ስቲል ግን እንዲህ ያለ ደጋፊ የለም። ብረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከቦታው ከተዛነፈ ዜማውም አብሮ ይዛነፋል። በዚህ ረገድ መሣሪያው ከጊታር ይልቅ ለማሲንቆ ይቀርባል። ማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን የሚያሳርፍበት ምልክት የለውም፤ የሚመራው ጆሮው ነው። ስለዚህ ላፕ ስቲል መጀመር ማለት ከእጅ በፊት ጆሮን ማሠልጠን ማለት ነው።

ከሃዋይ ደሴቶች የተነሣ ድምፅ

የመሣሪያው መገኛ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች ናቸው። ጊታር ወደ ደሴቶቹ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ እ.አ.አ በ1830ዎቹ የከብት አያያዝ ለማስተማር ከሜክሲኮ የመጡ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂዎች ለመስፋፋቱ ድርሻ እንደነበራቸው ይነገራል። ሃዋያውያን መሣሪያውን እንደመጣ አልተቀበሉትም። ክሮቹን አላልተው፣ ምንም ሳይጫኑ ሲመቱ የተስማማ ድምፅ እንዲሰጡ አድርገው በራሳቸው መንገድ ቃኙት።

ብረት በክር ላይ ማንሸራተትን በማስጀመርና በማስፋፋት ስሙ በቀዳሚነት የሚነሣው ጆሴፍ ኬኩኩ ነው። እ.አ.አ በ1874 በኦዋሁ ደሴት ላይኤ በምትባል መንደር ተወለደ። ሌሎች ሰዎችም ቀደምትነቱን ይጋሩታል የሚሉ ወገኖች ቢኖሩም፣ ኬኩኩ እ.አ.አ በ1889 ገደማ፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በብረት መሞከር እንደጀመረ በስፋት ይታመናል። ከባቡር ሐዲድ ዳር ያነሣውን ብሎን ክሩ ላይ ሲያሳርፈው አዲስ ድምፅ ሰማ የሚለው ትረካ የታወቀ ነው። ማበጠሪያና የቢላዋ ጀርባን የሚጠቅሱ ትረካዎችም አሉ። በሆኖሉሉ በሚገኘው የካሜሃሜሃ ትምህርት ቤት ሲማርም ለዚሁ ተግባር የሚሆን የብረት ዘንግ እንደሠራ ይነገራል።

ይህ የሆነበት ዘመን ለሃዋይ ሕዝብ የመከራ ዘመን ነበር። እ.አ.አ በ1893 የደሴቶቹ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋናቸው ተወገዱ፤ በ1898 ደግሞ ደሴቶቹ ወደ አሜሪካ ተጠቃለሉ። አገሪቱ ነፃነቷን ባጣችበት በዚያ ወቅት የሕዝቡ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ተሰማ። ኬኩኩ እ.አ.አ በ1904 ወደ አሜሪካ ምድር አቅንቶ እየተጫወተና እያስተማረ ኖረ፤ አውሮፓንም ዞረ፤ በ1932 በኒው ጀርሲ ግዛት ዐረፈ። እ.አ.አ በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ላይ የሃዋይ ሙዚቀኞች ያቀረቡት ጨዋታም መሣሪያውን በሚሊዮኖች ዘንድ አስተዋወቀ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ እውነትም አለ። በገበያ የተሳካለት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጊታር ደረት ላይ የሚያዘው ሳይሆን ጭን ላይ የሚተኛው ነበር። እ.አ.አ በ1932 በሪከንባከር ስም ለሽያጭ የቀረበው ይህ መሣሪያ ክብ ገላና ረጅም አንገት ያለው ሆኖ ከአልሙኒየም የተሠራ ስለነበር «መጥበሻው» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል።

የደረሰበትን አገር ዜማ የሚናገር መሣሪያ

ላፕ ስቲል በሃዋይ ዜማ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ሕንዳውያን የሙዚቃ ሊቃውንት ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተቱ መሸጋገርን የዜማቸው ነፍስ አድርገው ስለሚያዩት፣ መሣሪያውን ለክላሲካል ሙዚቃቸው በሚስማማ መልኩ አሻሽለው ተጠቀሙበት። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቪሽዋ ሞሃን ባት ከአሜሪካዊው ራይ ኩደር ጋር በሠራው አልበም እ.አ.አ በ1994 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። በናይጄሪያም የኪንግ ሰኒ አዴ የሙዚቃ ቡድን የላፕ ስቲል ዘመድ የሆነውን፣ እግርና መርገጫ ያለውን ፔዳል ስቲል ከጁጁ ሙዚቃ ጋር አዋሕዶታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፍሬት ድምፆችን በተወሰኑ ደረጃዎች ይከፋፍላቸዋል። ብረት ግን በደረጃዎቹ መካከል ባለው ቦታ ሁሉ ማረፍ ይችላል። በኢትዮጵያም ባህላዊ ተጫዋቾች የሚያሰሟቸው ድምፆች ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። የሰው ድምፅ ሲያንጎራጉር እንደሚያደርገው ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተሳበ መሄድ የሚችል መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ዜማ እንግዳ አይሆንም።

ጀማሪው ምን ያስፈልገዋል?

ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ላፕ ስቲል በየከተማው ገበያ በቀላሉ ላይገኝ ይችላል። ለመጀመር ግን የግድ አይደለም። በተለምዶ ቦክስ ጊታር የሚባለው የእንጨት ጊታር በጥቂት ማስተካከያ ያገለግላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም ሆነ ማጉያ ስለማይፈልግ በገጠርም በከተማም ይመቻል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የክሩ ዓይነት ነው። መሣሪያው የብረት ክር ያለው መሆን አለበት፤ የናይለን ክር በብረት ዘንግ ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ ደካማና ቶሎ የሚጠፋ ነው። ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር መትከል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። የብረት ክር የሚስብበት ኃይል ከናይለኑ እጅግ ስለሚበልጥ ክሮቹ የታሰሩበትን ብርኩማ ሊነቅለው ወይም አንገቱን ሊያጎብጠው ይችላል። ያገለገለ ጊታር የሚገዛ ሰው ክሮቹን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው መጀመሪያ ለየትኛው ክር እንደተሠራ አጣርቶ ቢገዛ ከኪሳራ ይድናል።

ሁለተኛው የክሮቹ ከፍታ ነው። ብረቱ በክሮቹ ላይ ሲሄድ ፍሬቶቹን መንካት የለበትም። ለዚህም በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ ቀጥሎ ክሮቹ በሚያርፉበት ትንሽ አጥንት ላይ የሚገጠም ቦይ ያለው ማንሻ ብረት ይሸጣል። እርሱ ከጠፋ እንጨት ሠሪ ከጠንካራ እንጨት ተመሳሳዩን መቅረጽ ይችላል። ክሮቹ ከአንገቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ካሉ በቂ ነው። ይህ ማስተካከያ የሚነሣና የሚመለስ ስለሆነ ጊታሩን አያበላሽም።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። ለዚሁ የሚሠራው ዘንግ ድፍን፣ ከባድና እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ለጊዜው በጋራዥ ቡሶላ የሚባለው የብሎን መፍቻ፣ ረዘም ያለውና ላዩ ጭረትም ጽሕፈትም የሌለበት ከተገኘ፣ ሥራውን ይሠራል። ዝገት ወይም ሻካራ ቦታ ያለው ብረት ግን ክሩን ይበላል፤ ድምፁንም ያንኳኳል።

ቅኝቱ

የተለመደው ጊታር ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ሲቆጠር ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል። ይህ ቅኝት ለብረት አይመችም፤ ብረቱ ክሮቹን በአንድ ጊዜ በቀጥታ መስመር ስለሚነካቸው እርስ በርስ የተስማሙ መሆን አለባቸው። ለጀማሪ ተስማሚው «ኦፕን ጂ» የሚባለው ቅኝት ሲሆን፣ እርሱም ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ነው።

ወደዚህ ለመድረስ የሚለወጡት 3 ክሮች ብቻ ናቸው። 6ኛው ወፍራም ክር ከኢ ወደ ዲ፣ 5ኛው ከኤ ወደ ጂ፣ 1ኛው ቀጭን ክር ደግሞ ከኢ ወደ ዲ ይላላሉ። የሚጠብቅ ክር ስለሌለ የመበጠስ ስጋት አይኖርም። በስልክ ላይ የሚጫኑ መቃኛ መተግበሪያዎች እያንዳንዱ ክር የደረሰበትን ድምፅ ስለሚያሳዩ ለጀማሪው ትልቅ እገዛ ናቸው። በመጽሐፍ ወይም በቪዲዮ የሚገኙ ሌሎች ቅኝቶች፣ በተለይም ብዙዎቹ የሃዋይ ተጫዋቾች የሚወዱት «ሲ 6»፣ ለየት ያለ ውፍረት ያላቸውን ክሮች ይፈልጋሉ። በተራ ክር ወደ እነርሱ ለመድረስ መሞከር ክር ማስበጠስ ነው፤ የተበጠሰ ብረት ደግሞ ዐይን ሊጎዳ ይችላል።

የሁለቱ እጆች ሥራ

ተጫዋቹ እግሩን ሳያነባብር፣ ጉልበቱን ገጥሞ ይቀመጣል፤ ጊታሩን አንገቱ ወደ ግራ እንዲሆን አድርጎ ጭኑ ላይ ያስተኛዋል። በዚህ አቀማመጥ ወፍራሙ ክር ወደ ገላው፣ ቀጭኑ ወደ ውጭ ይሆናል።

ግራ እጅ ብረቱን ሲይዝ አመልካች ጣት ከላይ፣ አውራ ጣትና መሐል ጣት ከግራና ከቀኝ ሆነው ያቅፉታል። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከብረቱ በስተጀርባ ክሮቹ ላይ ቀለል ብለው ያርፋሉ። የእነዚህ ሁለት ጣቶች ሥራ እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል፤ ነገር ግን ከብረቱ ኋላ የሚቀረው የክር ክፍል የሚያሰማውን ጭርጭርታ የሚያፍኑት እነርሱ ናቸው። ብረቱ ክሩን ይነካል እንጂ አይጫነውም፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ክሩ ጎብጦ ፍሬቱን ከነካ ጫናው በዝቷል ማለት ነው።

ብረቱ የሚያርፈው በፍሬቱ ትክክል፣ በላዩ ላይ ነው። ተራ ጊታር የለመደ ሰው ከፍሬቱ ኋላ የማሳረፍ ልማድ ስላለው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ድምፁም ዝቅ ይልበታል። ብረቱ ከፍሬቱ ጋር ትይዩ ካልሆነም አንዱ ክር ሲቃና ሌላው ይጣመማል። ፍሬቱን ከጎን ሆኖ ማየት ስለሚያሳስት ጀማሪው ራሱን አዘንብሎ ከላይ ወደ ታች ቢመለከት ይመረጣል።

ቀኝ እጅ በአውራ ጣት፣ በአመልካችና በመሐል ጣት ክሮቹን ይመታል። ብዙ ተጫዋቾች ጣት ላይ የሚጠለቁ መምቻዎችን ይጠቀማሉ፤ ለጀማሪ ግን ባዶ ጣት በቂ ነው። ከመምታት እኩል የሚያስፈልገው ማፈን ነው። ብረቱ በርካታ ክሮችን ስለሚነካ የማይፈለጉት ሁሉ አብረው ይጮኻሉ። የመዳፍ ጠርዝ ክሮቹ ላይ ቀስ ብሎ አርፎ ያለፈውን ድምፅ ሲዘጋ፣ የሚቀጥለው ጥርት ብሎ ይሰማል።

ከትዝታ መጀመር

በኦፕን ጂ ቅኝት ብረቱ ሳያርፍ ክሮቹ በሙሉ ሲመቱ አንድ የተስማማ ኅብረ ድምፅ ይሰጣሉ። ብረቱ 5ኛው ፍሬት ላይ ሲያርፍ ሁለተኛው፣ 7ኛው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሦስተኛው ኅብረ ድምፅ ይገኛል። እጅግ ብዙ ቀላል ዘፈኖች በእነዚህ 3 ስፍራዎች ይታጀባሉ።

ለዜማ ልምምድ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከትዝታ የሚቀርብ የለም። ሙሉው የትዝታ ቅኝት በ5 ድምፆች የተዋቀረ ሲሆን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ይጠራል። የዚህ ጊታር 6 ባዶ ክሮች የሚሰጧቸው ድምፆች፣ ጂ፣ ቢ እና ዲ፣ ሦስቱም ከጂ በሚነሣው ትዝታ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ሳይፈለግ የተነካ ባዶ ክር እንኳ ከዜማው ጋር አይጣላም።

ልምምዱ በ3ኛው ክር ላይ ብቻ ይጀመራል። መጀመሪያ ክሩ ባዶውን ይመታል፤ ቀጥሎ ብረቱ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛው፣ በ9ኛውና በ12ኛው ፍሬት ላይ በተራ ያርፋል፤ ከዚያም በመጣበት ይመለሳል። 4ኛው በ3ኛው፣ 9ኛው በ8ኛው ሲተካ ደግሞ ሐዘን ያጠላበት ግማሽ ትዝታ ይገኛል።

እዚህ ላይ ርቀቱን ማስተዋል ይገባል። ፍሬቶች ወደ ጊታሩ ገላ በቀረቡ ቁጥር ይጠባበቃሉ። የክሩ ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጊታር ከባዶ ክር እስከ 2ኛው ፍሬት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ግን 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የዜማው እርምጃ አንድ ሆኖ ሳለ የእጁ እርምጃ ይለያያል። እጅ ይህን በቁጥር ሳይሆን በድግግሞሽ ይማረዋል።

ጆሮን መሞረድ

ዐይን ፍሬቱን ማየቱ ጥሩ ቢሆንም የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው። ለዚህ የሚረዳ ቀላል መመዘኛ አለ። 4ኛው ክር ባዶውን ሲመታ ዲ ይላል። 2ኛው ክርም በ3ኛው ፍሬት ላይ ዲ ነው፤ ልዩነታቸው የኋለኛው ቀጭን መሆኑ ብቻ ነው። ተጫዋቹ የብረቱን ኋላ ከፍ አድርጎ ጫፉን ብቻ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ሲያሳርፍ 4ኛው ክር ነፃ ይሆናል። ሁለቱ ክሮች አብረው ሲመቱ ድምፃቸው እየተወዛወዘ ከተሰማ ብረቱ ቦታውን ስቷል። በጣም ቀስ ብሎ ወዲህና ወዲያ ሲል ውዝዋዜው ይከስማል፤ ሁለቱ ድምፆችም እንደ አንድ ይዋሐዳሉ። ያችን ቅጽበት ለይቶ ማወቅ የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ሌላው ብልሃት ከመምታት በፊት ማንጎራጎር ነው። የሚመጣውን ድምፅ በአፉ ያወጣ ሰው ብረቱ ሲያርፍ መቃናቱንም መጣመሙንም ያውቃል። ላፕ ስቲል የሚያስተምር ሰው በአቅራቢያ ባይገኝ እንኳ ማሲንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ሰው ይኖራል። እርሱ አጭር ዜማ ሲያሰማ ተማሪው በብረቱ ቢፈልገው፣ ከማንኛውም ቪዲዮ ያልተናነሰ ትምህርት ያገኛል።

በዚህ ደረጃ ሊወገድ የሚገባው ልማድ ብረቱን ያለማቋረጥ ማንቀጥቀጥ ነው። የሚርገበገበው ድምፅ የመሣሪያው ውበት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጀማሪ ከተቻኮለበት የተጣመመ ድምፅ መሸፈኛ ይሆናል። በቅድሚያ ብረቱ ዝም ብሎ በትክክለኛው ቦታ ላይ ይቁም፤ ማርገብገቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ማንሸራተቱም እንደዚሁ በልክ መሆን አለበት። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሁሉ የሚጎተት ዜማ አድማጩን ያሰለቻል።

የልምምድ ሥርዓት

በሳምንት አንድ ቀን ለረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ በየቀኑ 20 ደቂቃ መለማመድ ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለመቃኘትና ለሁለቱ ክሮች መመዘኛ፣ ቀጣዮቹ 10 ደቂቃዎች ለትዝታ፣ የቀሩት ደግሞ ለማፈንና ተማሪው ለሚያውቀው አንድ ዜማ ቢውሉ ሚዛናዊ ይሆናል። በየሳምንቱ በስልክ ቀርጾ ማዳመጥም ይበጃል፤ እጅ በሥራ ተጠምዶ ሳለ ጆሮ ያለፈውን ስሕተት በኋላ ረጋ ብሎ ይሰማዋል።

ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ የሚገዛበት ጊዜ የሚታወቀው፣ ተማሪው ዐይኑን ጨፍኖ የትዝታን 5 ድምፆች ያለ ስሕተት ሲያገኛቸው ነው። ያን ጊዜ የሚፈልገውን የሚያውቅ ገዢ ይሆናል። የተስተካከለ ክር ለመያዝ የማይችሉ መቃኛዎችን፣ የጎበጠ አንገትንና የማይስማማ ድምፅን ለይቶ ስለሚያውቅ ማንም አያታልለውም። እስከዚያው ድረስ ክሩ ከፍ ያለለት ቦክስ ጊታርና አንድ ልሙጥ ብረት ይበቁታል።